ከሺህ ውጪ

ሊትል ሮክ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ ዳር፣
ሥራዬ ማካፈል ነው፣ ልጅን በቁጥር።
ከላይ የወለዱት፣ ከታች ያሉት ሁሉ፣
“ላዕል” እና “ታህት” እየተባባሉ፤
በመሀላቸው መስመር፣ ቀጭን እንደ ክር፤
ውጤቱን በአንድ ሺህ አባዝቶ ማደር።

ከአሥራ አምስት እስከ አሥራ ዘጠኝ ነው በሩ፤
እንዲህ ነው የቆረጠው የሊቃውንት ምክሩ።
አገር ካገር ጋራ ይተያያል ብለን
አንድ ቁና ሰፋን፣ ባንድ ቁና ለካን።

ቁናው አንድ ይሁን እንጂ እህሉ ለየቅል ነው።
አንዱ አገር ሕፃኑ ሳያለቅስ ይመዘግባል፤
ሌላው በአምስት ዓመት አንዴ በር እያንኳኳ
“የመጀመሪያሽን ስትወልጂ ስንት ዓመትሽ ነበር?” ይላል።
እሷም በጎርፉ ዓመት፣ በአንበጣው ዓመት ቆጥራ
መልሷን ታከብበዋለች፦ “ሃያ።”
ይህ ሃያ የሚሉት ዕድሜ
ስንቱን አሥራ ሰባት ሸሸገ!
ያም ሆኖ ካርታውን እቀባለሁ፤
ላነሰው ውሃ የበዛበት ሮዝ፣
ለበዛው የበርበሬ ቀለም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንዲት ረድፍ በራች፤
“ዕድሜ ከክልል ውጪ።”
ከሄለና የመጣ ቅጽ ነው፣ ከሚሲሲፒ ወንዝ ዳር።
እናት፦ ዛኪያ ፔቲግሩ።
ዕድሜ፦ አሥራ አራት ዓመት ከሦስት መቶ ስልሳ ሦስት ቀን።

ሁለት ቀን።
ለልደቷ ሁለት ቀን ሲቀራት ልደት ሆነ።

ስልክ መታሁ። “ሚስ ኦዴሳ፣ ቀኑ ተሳስቶ ይሆን?”
ሠላሳ ዓመት በዚያ ጠረጴዛ የኖረች ጸሐፊ ናት፤
ድምጿ ዘይት ያላየ መሳቢያ።
“ምኑ ይሳሳታል ልጄ? የእናትየዋንም ልደት የመዘገብኩት እኔ ነኝ፤
ይኸው ፊርማዬ፣ ያኔም በሰማያዊ ቀለም።
የማዋለጃው ክፍል ከተዘጋ እኛ ዘንድ የቀረው ቁልፉ ነው።
አክስቷ በጭነት መኪና ድልድዩን አሻገረቻት፤
ጉም ነበር፤ ልጁ የተወለደው ከወንዙ ወዲያ፣ በሌላ ስቴት ነው።
የሚቆጠረው ግን ለእኛ ነው አይደል?
‘እናት በምትኖርበት’ ያላችሁት እናንተ ናችሁ።”
“አዎ፣ እኛ ነን።”
“እንግዲያ ወንዝ ተሻግራችሁ ከቆጠራችሁት
ሁለት ቀን መሻገር ምን አቃታችሁ?”

መልስ አልነበረኝም። ነበረኝ እንጂ፦
አንዷን ካስገባን የአሥራ ሦስቷም ትመጣለች፤
ለነሱማ ሌላ ሰንጠረዥ አለ፣
ከመጨረሻው ገጽ፣ ማንም የማይገልጠው።
ይህን ልላት አፌን ስከፍት
የሞት ምስክር ወረቀት የሚፈልግ ሰው መጣባት፤
“ቆየኝ” ብላ ሄደች።
ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ
የሄለናን ከሰዓት አሰማኝ፦
ማኅተም ሲመታ፣ ወንበር ሲጎተት፣
አንድ ሽማግሌ ደጋግሞ ሲያስነጥስ።

ረድፏን ሰረዝኩ። ቁልፍ አንዴ መጫን ነው።

ሰኞ በስብሰባው ሚስተር ትሬድዌል ግራፉን እያየ
“ወርዷል!” አለ፤ ፊቱ ፈካ።
እውነቱን ነው፣ ወርዷል።
ነርሶቹ ደክመዋል፣ መምህራኑ ደክመዋል፤
ብዙዋ ልጅ በጊዜዋ ትምህርቷን ጨርሳለች።
ያንን አልክድም፤ ያሰላሁት እኔ ነኝ።
ብቻ በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርምና
ማታ በአውቶቡስ ስሄድ አላስችል አለኝ፤
ፊት ለፊቴ የተቀመጡትን ሴቶች
“ይቺ ከላይ፣ ያቺ ከታች” እያልኩ ስደለድል
መውረጃዬን አለፍኩ።

ከዚያ ነው ትዝ ያለኝ።
ቅጹ እኔ ዘንድ ሳይደርስ
ሁለቱ ቀን አልፈዋል፤
ዛኪያ አሥራ አምስት ሞልቷታል፤
በሩ ተከፍቶላታል።
ገብታለች ከታህት፣ ከሺዎቹ መሀል፣
ካልወለዱት ተራ፣
ሕፃኑን እንዳቀፈች።